አስታማሚዋ ብቻ

«አስታማሚዋ ብቻ ትግባ» አለች ነርሷ። ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ክፉ ነገር ለበሽተኛው አይነገርማ። እሷ እንኳን ሳንባዋ ላይ እጢ ታየ ተብሎ፣ ለጉንፋንም ትናዘዛለች። አስታማሚዋ እኔ ነኝና ብቻዬን ገባሁ።

ሐኪሙ የናሙናውን ውጤት አይቶ፣ «ካንሰር አይደለም። የማህፀኗ እጢ ነው ወደ ሳንባዋ የሄደው፤ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። በክትትል በሰላም ትኖራለች» አለኝ።

የደስታ እንባዬን ሳልጠርግ እየሮጥኩ ወጣሁ።

«አንቺ ፈሪ፣ ካንሰር አይደለም። የማህፀንሽ እጢ ነው ሳንባሽ ጋ እንግድነት የሄደው» አልኳት።

በነጠላዋ ጫፍ እንባዬን ጠረገችልኝ።

«እኔም እናቴን እስክትሞት ድረስ ካንሰር አይደለም እላት ነበር» አለችኝ።