ከከበሮው የሚዘገይ እግር

የሚስቱ አባት ለጨዋታ ብለው በእንግዶች ፊት ዓይኑን በሻርፕ አሰሩትና ካሴቱን ከፍተው ከጎኑ ተቀመጡ። ጃዙን ሰምቶ ነፊውን ማወቅ ነበረበት።

“ይሄ ሰውዬ ሳክስፎን ነው የሚነፋው ወይስ ጎማ?” አለ። እንግዶቹ ሲስቁ የልብ ልብ ተሰማውና፣ “ከምር፣ ጎረቤቶቹ እንዴት ቻሉት?” ብሎ ጨመረበት። ከጎኑ ግን ሳቅ አልተሰማም።

ያኔ ነው ከሙዚቃው ስር የእግር ምት የሰማው። ነፊው ወለሉን በእግሩ ይመታል፤ ምቱ ሁሌም ከከበሮው ጥቂት ይዘገያል። ያው ምት፣ በዚያው መዘግየት፣ አማቱ ከተቀመጡበት በኩል ካለው የጣውላ ወለልም ይመጣ ነበር።

ካሴቱ አለቀ፤ ወለሉም ጸጥ አለ። የሽማግሌው ጣቶች ከማጅራቱ በላይ ያለውን ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። “እሺ ልጄ፣ ማን ነው?” አሉት ቀስ ብለው።

ሻርፑን በሁለት እጁ ዓይኑ ላይ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

“አባባ፣ እባክዎ ገና አይፍቱኝ።”