የሦስት ቀን ጢም

መብራት ለመጥፋት ቅዳሜን መረጠ። ጡረተኛው መምህር የጢም መላጫ ማሽኑን ጉንጩ ላይ እንደ ደገነ ቀረ። ነካካው፣ መታ መታ አደረገው። በድን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩ አይገባችሁም። መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በር ቆልፎ ጢሙን ይላጫል፤ ከዚያ ፀጉር ቤት ሄዶ ጢሙን ይላጫል። አላበደም። ፀጉር አስተካካዩ የሠላሳ ዓመት ወዳጁ ነው፤ በሰፈሩ በረጅሙ ምላጭ የሚላጭ እሱ ብቻ ቀርቷል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ሸሹ።

“እኔም ከቀረሁበት ሰውዬው በቁሙ ይሞትብኛል” አለ መምህሩ ለራሱ። ስለዚህ መላ ዘየደ። ቀድሞ የተላጨ ፊት ላይ ስለት ምን ይይዘዋል? ይኸው ዓመት ሞላው፤ አንዲት ጭረት የለችም፣ ሰውዬውም አልነቃም። በዚህ ብልጠቱ መምህሩ እንዴት እንደሚኮራ! ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

ዛሬ ግን ረቡዕ በማሽኑ ከተላጨ ወዲህ የበቀለው የሦስት ቀን ጢሙ እንደ ቆመ ነው። ልቅር? ቢቀር ያ ምስኪን ደጃፉ ላይ ቆሞ መንገድ መንገድ ሲያይ ሊውል ነው። “እንግዲህ የመጣው ይምጣ” ብሎ ወጣ።

“አረፈድክ፣ ሙሽራው!” አለ ፀጉር አስተካካዩ። “ተቀመጥ፣ መነጽርህን ወዲህ በል።”

መነጽሩን ወስዶ አስቀመጠና ምላጩን መሳል ጀመረ። ወይ አሳሳል! የወፍራሙ መሳያ ቆዳ አንድ ጫፍ ግድግዳው ላይ ታስሯል፤ ሌላውን በግራ እጁ ወጠረው። ምላጩን አጋድሞ፣ ጀርባውን አስቀድሞ ስለቱን አስከትሎ ሳበው፤ ጫፍ ሲደርስ ገልብጦ መለሰው። ሿ፣ ሿ። ሲስል እጁ እንደ ድሮው ነው ማለት ይቻላል።

“ኧረ በቃው! ልታርደኝ ነው እንዴ?”

“ሠላሳ ጊዜ ሳይመላለስ አይነካህም። ደግሞ ጀርባው ነው የሚቀድም። ስለቱ ከቀደመ ቆዳውን ይተለትላል፣ ራሱም ይዶለዱማል። ዕድሜ ልክህን ስነግርህ አይገባህም፤ ከዚያ መምህር ነበርኩ ትላለህ።”

“እኔ ተማሪዎቼን አላረድኩም።”

“በፈተና ታርዳቸው የለ!”

ምላጩን በገዛ ክንዱ ላይ ሞከረው። ፀጉሯ ብን ብላ ወደቀች።

ከዚያ አረፋው መጣ። ፀጉር አስተካካዩ አረፋውን ቀብቶ ጨረሰና ጉንጩን በአውራ ጣቱ ወጠር ሲያደርግ፣ ጣቱ ቆም አለች።

“ምነው?” አለ መምህሩ።

“ምንም። ዝም በል፣ አትንቀሳቀስ።”

መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። ልጆቹን አሰበ፣ ሚስቱን አሰበ፣ ያልጻፈውን ኑዛዜም አሰበ። ምላጩ ከጆሮው ሥር ተነስቶ እየተንቀጠቀጠ ወደ አንገቱ ወረደ። እንደ ሁልጊዜው ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው። ማንቁርቱ ላይ ሲደርስ መምህሩ እስትንፋሱን ያዘ። አለፈ።

“አለቀ። ዕድሜ ይስጥህ።”

መምህሩ ትኩሱን ፎጣ ነጥቆ ደም ፈለገበት። ነጭ ነው። እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ይሄን የመሰለ ባለሙያ ነው ዓመት ሙሉ እንደ ሕጻን ሲያታልለው የከረመው! አፈረ።

“እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ። እውነቴን ነው።”

“ሂድ ወዲያ። ቤትህ እስክትገባ ፊትህን እንዳትነካ፤ ሽቶው ይስረግበት” አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ መነጽሩን ራሱ የመምህሩ ኪስ ውስጥ እየከተተለት። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ምላጩን ያደርቅ ጀመር።

መምህሩ መንገዱን ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ሄደ። ማሽኑን ዛሬውኑ ለጎረቤት ሊሰጠው ወሰነ። ሚስቱ በር ከፈተችለት፤ ጉንጯን ሊስማት ጠጋ ሲል አፈገፈገች።

“ውይ፣ ምነው? ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው እንዴ? ጢምህ እንዳለ ነው እኮ!”

መምህሩ ጉንጩን ዳሰሰ፤ ለካ ዓመት ሙሉ ፊቱ ላይ ሲሄድ የከረመው የምላጩ ጀርባ ኖሯል!