«አላጨስኩም»

ልብስ ሰፊው ሳንባውን ከታመመ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ሐኪሙ «ወይ ሲጋራውን ወይ ሳንባህን ምረጥ» ብሎታል። እሱም ይመርጣል፤ ጠዋት ሳንባውን ይመርጥና ከሰዓት በኋላ ሐሳቡን ይለውጣል።

የዚያን ቀንም ከሥራ ሲመለስ ወደ ቤት ሳይገባ ከጓሮው ግድግዳ ተጠግቶ አንድ ለኮሰ። «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» አለ ለራሱ። ትንፋሽ ሲያጥረው ሚስቱ ጀርባውን ስታሻሽ እንደምታነጋ ትዝ ሲለው ጭሱ መረረው። ቢሆንም አልጣለውም። ማታ ስትጠይቀው ምን ብሎ እንደሚዋሻት እያሰበ ሳለ ድምፅዋ በመስኮቱ በኩል መጣ።

«እውነቱን ንገረኝ፣ የኔ ጌታ። ዛሬስ አጨስክ?»

ማንን ነው የምታናግረው ብሎ ጆሮውን ጣል አደረገ።

«አላጨስኩም» አለ ከውስጥ የራሱ ድምፅ። «ልጄ ትሙት!»

ልብስ ሰፊው ክው አለ። ስንትና ስንት ጊዜ ሲዋሽ አንድም ቀን በልጁ ምሎ አያውቅም። ያቺን አንድ ነገር ለራሱ እንደ ክብር ይቆጥራት ነበር። ሲጋራውን ጥሎ ወደ ፊት ለፊት ዞረና በሩን በሁለት እጁ ደበደበው።

«ክፈቺ! እኔ ነኝ! እሱ ያለውን አትስሚ፣ አጭሻለሁ! አሁን እንኳን አጭሻለሁ!»



«ማነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለች ሚስቱ ፈራ ተባ እያለች።

«አንቺ ተቀመጪ» አለ የራሱ ድምፅ በእርጋታ፤ «እኔ እከፍትለታለሁ።»

ቁልፉ ከውስጥ ዞረ።