አንድ አድራሻ

«ወንድሜ፣ መስመሩ ደግሞ ተቋረጠ!» አለ ሐኪሙ በስልክ። የሚደውለው አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ የወረዳ ሆስፒታል ነው። «ወይዘሮ ዘርፌ ራሷን ስታለች። የማይስማማት መድኃኒት መኖር አለመኖሩን ከማኅደሯ ሳላይ መርፌ አልወጋትም።»

የሕሙማን ማኅደር የሚቀመጥበት የዋናው መሥሪያ ቤት ቴክኒሻን መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸው፤ ደህና ነው። በመጨረሻ ደረሰበት፤ ሁለት ሰርቨሮች፣ መረጃ የሚያከማቹ ኮምፒውተሮች፣ በኔትወርኩ ላይ አንድ አድራሻ ይዘው እየተሻሙ ነበር። ሮጦ ከሁለቱ ተመሳሳይ የሰርቨር ሣጥኖች የአንዱን ገመድ ነቀለ።

«ተከፈተልኝ! የማይስማማት መድኃኒት፣ ምንም የለም ይላል። ተባረክ!» ስልኩ ተዘጋ።

ቴክኒሻኑ ላቡን እየጠረገ ገመዱ ያልተነቀለውን ሣጥን አየ። በራሱ እጅ ጽሑፍ «ለሥልጠና» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ባለፈው ሳምንት የሕሙማኑን ማኅደር ገልብጦ፣ ምስጢራቸው እንዳይወጣ ከስማቸው በቀር ሁሉንም የሰረዘው እዚያ ላይ ነው።

ገመዶቹን ለዋውጦ እየደወለ እውነተኛውን ማኅደር ከፈተ። «ፔኒሲሊን በፍጹም እንዳይሰጣት» ይላል፣ በቀይ።

ስልኩ ብዙ ጠርቶ አንዲት ነርስ አነሳችው።

«ዶክተርን ነው? ፔኒሲሊኑን ወግቷት አሁን እጁን እየታጠበ ነው። ልጥራው?»