ለእርፍ የተቆረጠች ወይራ

ሕግን ለድሃ ብቻ የሚያወጣ ሹም በገዛ ሕጉ ይጠፋል፤ ፍርድ ቢዘገይ እንኳ የተበደለች እናት አትዘገይም።

ጥሩሐረግ ዶማዋን በእርከኑ ድንጋይ ላይ አስደግፋ፣ ከባሕር ማዶ የመጡት እንግዶች የጋዝጊብላን ዳገት እያለከለኩ ሲወጡ ትመለከታለች። ከፊት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ደሞዝ፣ ከኋላው የአውራጃው አስተዳዳሪ፣ አስተርጓሚውና ሁለት ታጣቂዎች ይከተላሉ። ተራራው ለምልሟል፤ በየጉድጓዱ አንድ አንድ የወይራ ችግኝ ቆሟል።

«እወቂበት እንግዲህ» አለቻት አብራት እርከን የምትሠራው ሸምሲያ። «አሳምረሽ ካመሰገንሽ ለእርከኑ ሥራ የሚሰፍሩልን ስንዴ ይቀጥላል። አለዚያ ረመዳን ሳይገባ ልንጾም ነው፤ ያውም ከናንተ ጋራ!»

ጥሩሐረግ አልሳቀችም። ምስጉን ገበሬ ብሎ እንድትናገር የመረጣት ደሞዝ ነበር፤ የተሰበረች መስሎት። አምና ልጇ ዋሴ የማረሻው እርፍ ቢሰበርበት ከተከለለው ደን አንዲት የወይራ ቅርንጫፍ ቆረጠ። ደሞዝ ሕግ ጠቅሶ ለሚሊሺያ ዘመቻ አሳልፎ ሰጠው። ከሰሜን የተመለሰው መርዶው ብቻ ነው።

የእንግዶቹ አለቃ፣ አንድ ሽበታም ሰው፣ ተናገረ፤ አስተርጓሚው አስከተለ። «ደመና ድንበር አያውቅም ይላሉ። እዚህ የሚጸድቅ ዛፍ ለእሳቸውም አገር ይተርፋል። ስንዴውን የላኩት መንግሥታት ይህን ተራራ ለሚመጣው ትውልድ አደራ ብለዋል።»

የሚመጣው ትውልድ! የእርሷ ሄዷል።

«እመት ጥሩሐረግ፣ እስቲ ይንገሩልን» አለ ደሞዝ። እንግዳ ስላለ አንቱ አላት።

አባቷ በዋግ የታወቁ ተሟጋች ነበሩ። ባላጋራህን ከመክሰስህ በፊት ሕጉን በገዛ አፉ አስነግረው፤ የተፋውን መልሶ አይውጠውም፣ ይሉ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ምኑን አውቄ» አለች እጅ ነሥታ። «ደኑን ያቆየልን የእርስዎ ሕግ ነው። እንግዶቹ ከአፍዎ ይስሙት።»

ደሞዝ ደረቱን ነፋ። «ከተከለለው ደን አንዲት ቅርንጫፍ የቆረጠ፣ ዘመድም ይሁን ባዳ፣ ለዘመቻ ይሰጣል!»

«ሹምም ቢሆን?»

«ሹምም ቢሆን!»

«አስተዳዳሪያችን፣ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ አስተዳዳሪው።

ሸምሲያ ነገሩ ገብቷት ነጠላዋን ጎተተቻት። «ተይ እህቴ፣ ስንዴው!»

«ስንዴ በልቼ ዋሴን ልርሳ?»

ጎንበስ ብላ አጠገቧ ያለውን ችግኝ መዘዘችው። እንደ ቢላዋ ከሰገባው ወጣ። ሥር የለውም፤ ጫፉ በመጥረቢያ ተስሏል። ሁለተኛውን መዘዘች። ሦስተኛውንም።

«የላካችሁልን ችግኝ ከመኪና እንደ ወረደ ጓድ ሊቀመንበሩ ደጅ ደርቆ ቀርቷል» አለች። «ይህን ራሳቸው ትናንት ከተከለለው ደን ሲቆርጡና ሲሰኩ ከምንጭ ስመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። የኔ ልጅ አንዲት ቆረጠ። የእሳቸውን እናንተው ቁጠሩት።»

ሽበታሙ እንግዳ ራሱ ጎንበስ ብሎ አንዱን ነቀለ። ለአስተርጓሚው የሚተረጎም ነገር አልቀረም።

«ለ... ለሠርቶ ማሳያ ነው!» አለ ደሞዝ። አስተዳዳሪው ወደ ታጣቂዎቹ ሲዞሩ ግን ከጥሩሐረግ እግር ሥር ተደፋ። «እመት ጥሩሐረግ፣ ስለ ማርያም! ልጆች አሉኝ!»

«እኔም ነበረኝ» አለች፤ እግሯንም ሰበሰበች።

ታጣቂዎቹ የፊጥኝ አሥረው ወደ ሰቆጣ ይዘውት ወረዱ። እንግዶቹም ስንዴውን እስከ መኸር አቋረጡ። መንደሩ ጥሩሐረግን ረገማት፤ እርሷም ከመንደሩ ጋር ተራበች፤ ተጸጸትሁ ስትል ግን የሰማት የለም። ደሞዝ በተያዘበት ሳምንት ከዘማቾች ጋር ተጭኖ ወደ ሰሜን ተላከ፤ በመጀመሪያውም ውጊያ ሞተ።