ቀኑ ገና ነው

«የምስክር ወረቀቱ የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም» ይለኛል ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛው፤ ዛሬ ለሃያኛ ጊዜ። ፋይሉን የሚሰጠኝ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያሳይበትን ወረቀት ያይና አላምንም ብሎ ይዘጋብኛል። ትናንት እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ኢንተርኔቱን ከስልኬ አገኛለሁ፣ የኮምፒውተሩ ባትሪ ግን አሥራ ስምንት በመቶ ቀርቶታል።

አሥር ወር የደከምኩበትን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስሙን ብነግራችሁም አታውቁትም። በዓለም ላይ የሚሠሩት አሥራ አራት ሰዎች ናቸው፤ አሥራ አራተኛዋ እኔ ነኝ፣ ከላሊበላ፣ ከአባቴ ቤት። ሌላው ሁሉ የናቀውን አሮጌ ኮምፒውተር ስለሚያስነሳ ነው የወደድኩት፤ የእኔም አሮጌ ነው፣ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ስለሚረሳ ጧት ጧት በእጄ እሞላለታለሁ። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እዚያ ላይ አስነሥቻለሁ። የቀሩት አሥራ ሁለት ላይብረሪዎች፣ ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች ናቸው፤ ያለ እነሱ ቋንቋው ባዶ ቤት ነው። አውርጄ፣ ገጣጥሜ፣ ፈትሼ እስከ ስድስት ሰዓት ከላክሁ በአዲሱ እትም ይገባል፤ እኔም እዚሁ ተቀምጬ እየጠገንሁ እንድጠብቀው ደመወዝ ይቆረጥልኛል። ካልላክሁ ግን ወንድሜ ለአዲስ አበባ ሥራ ስላስጠራኝ ነገ ሲነጋ እሳፈራለሁ።

ሻንጣዬ በር ሥር ቆሟል። ዚፑ ስለተበላሸ ትናንት አባቴ በገመድ ጠፍረው አሰሩት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለነው እሳቸውና እኔ ነን፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። መሄድ አልፈልግም።

መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ ይባላሉ አባቴ። ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል አገሩ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። አሁን መደቡ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ቀጭ ቀጭ ያደርጋሉ። ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ምስክር ወረቀት የሚያነበውን ኮድ ከጧት ጀምሮ ስፈታ ስገጥም ቆይቻለሁ፤ በፈታሁት ቁጥር ደህና ነው። ደህና መሆኑ ነው የሚያነደኝ። እባክዎ ይተዉልኝ እላቸዋለሁ ስለ መቁጠሪያው፤ ከአፌ ሳይወጣ ይጸጽተኛል።

ያቆማሉ። ምን እያለሽ ነው እንዲህ የሚያበግንሽ ይሉኛል ቀስ ብለው። ቀኑ ገና ነው ይለኛል እላለሁ።

«የቱ ቀን?»

የኮምፒውተሩን መስኮት ጥግ በጣቴ አሳያቸዋለሁ። አሥር፣ ስድስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት። የካቲት አሥር። ልክ ነው። ልክ ስለሆነ ከጧት ጀምሮ መቶ ጊዜ አይቼው አላየሁትም።

ይህ ዕቃ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ በእሱ ዘንድ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርተናል።

«ጧት ውኃ ልትቀጂ ስትወርጂ እኔ ነኝ የከፈትሁልሽ» ይላሉ አባቴ። «ቀኑን ስትሞዪለት አይሽ የለ? ጊዜ ይተርፍሻል ብዬ ሞላሁት። አጠፋሁ እንዴ?»

ቀን ሲያሰሉ የኖሩ ሰው፣ በሕይወታቸው ቀን ተሳስተው የማያውቁ። ልቆጣ እልና ፊታቸውን አያለሁ፤ ጥፋታቸው ገብቷቸዋል።

«እንዳትሄጅብኝ ብዬ ነበር ልጄ። ይኸው እኔው ልሰድሽ ነው።»

አምስት ሰዓት ከአርባ። እጃቸውን ስቤ ዓመቱን ወደ ላይ የሚቆጥረው የቀስት ቁልፍ ላይ አደርገዋለሁ።

«ስምንት ጊዜ ይጫኑት፣ አባ።»

ለደብዳቤ እንኳ የፈረንጅ ዓመት ጽፈው አያውቁም። ጎንበስ ብለው ይጫኑታል፤ ለተማሪ እንደሚቆጥሩት በግእዝ እየቆጠሩ፣ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ፣ እስከ ሰመንቱ። ወሩንና ቀኑን እኔ እሞላለሁ። የፈታታሁትን ኮድ ወደ ትናንቱ እመልሰዋለሁ።

የመጀመሪያው ላይብረሪ ይወርዳል። ሁለተኛው ይከተላል። ባትሪው ዘጠኝ በመቶ። መፈተሻው ሲሮጥ አባቴ ከኋላዬ ቆመዋል፤ መቁጠሪያው ዝም ብሏል። አሥራ አንደኛው ያልፋል። አሥራ ሁለተኛው ይቆማል፣ ያስባል፣ ያልፋል። ለስድስት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እልካለሁ፤ ወዲያው ኮምፒውተሩ ይጨልማል።

ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ። ስልኩ ሲጮህ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ።

«ምን ይላል?»

«ገባ ይላል።»

አባቴ ወደ በሩ ሄደው ሻንጣው አጠገብ በርከክ ይላሉ። አጥብቀው አስረውት ኖሮ ቋጠሮው በጣታቸው እምቢ ይላል፤ በቀሩት ጥርሶቻቸው ይይዙታል።