ከገመዱ ላይ የወረደው ሸሚዝ

የገዳሙ ልብስ አጣቢ በሥራዋ እንከን አይወጣላትም። ገዳሙ ለመነኩሴውም ለሠራተኛውም ከአንድ ጣቃ ነጭ ሸሚዝ ስለሚያሰፋ፣ እንዳይቀያየርባት አንገትጌው ውስጥ በክር ምልክት ትጥልበታለች፤ ለአበምኔቱ ሰማያዊ፣ ለአባ ዝምታ አረንጓዴ፣ ለወጥ ቤቱ ሰው ቢጫ፣ ለገዛ ቤቷ ቀይ። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድም ሸሚዝ ተሳስታ አታውቅም።

አባ ዝምታ የግቢው ሁሉ ንስሐ አባት ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ካልጠየቋቸው ስለማይናገሩ ነው፤ ቢጠየቁም እምብዛም። ታዲያ እኚህ ሰው ሐሙስ ሐሙስ ከገበያው ጀርባ ወደ አንዲት ሴት ቤት ብቅ ማለት አመጡ። አንድ ቀን አጣቢዋ ቀሚሳቸው ትከሻ ላይ ሕፃን ያስመለሰው ወተት ደርቆ አገኘች። ልጅ ብርቅ ለሆነባት ሴት ሽታው አይጠፋትም።

ስንቱን ከሴት ራቅ እያሉ ሲገሥጹ የኖሩ ሰውዬ!

ማታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የገዳሙ ዘበኛ ነው። ሻዩ ትን አለውና ሲስል ቆይቶ፣ «የሰው ገመና ምን ያደርግልሻል? ተይው» አላት። ሆደ ቡቡ መሆኑን ስለምታውቅ ዝም አለችው። ዝም ያለችው ግን እሱን ብቻ ነው።

ወሬው አበምኔቱ ጆሮ ገባ፤ ጉባኤ ተጠራ። አባ ዝምታ ልጁ የማን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ «የምናገረው የለኝም» ብለው መሬት መሬት አዩ። አበምኔቱ አንድ ሳምንት ሰጡ። ማስረጃ ከመጣ መነኩሴው ቆባቸውን ያወልቃሉ፤ ካልመጣ አጣቢዋ ከነባሏ ግቢውን ትለቃለች።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት አጣቢዋ ከገበያው ጀርባ ሄደች። የሴትየዋ አጥር ግቢ ውስጥ፣ ከሕፃኑ ጨርቆች መሃል፣ ያ የምታውቀው ነጭ ሸሚዝ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ከገመዱ ላይ ልታወርደው ስትል የቤቱ በር ሲጢጥ አለ። ጠቅልላ ብብቷ ሥር ሸጎጠችውና ወደ ኋላዋ ሳታይ እየሮጠች ገዳሙ ደረሰች።

ጉባኤው ተቀምጦ ጠበቃት። ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አበምኔቱ መነጽራቸውን አጠለቁና የማን ምልክት እንዳለበት እንድታሳይ አዘዟት።

አባ ዝምታ ከወንበራቸው ተነሡ። «ልጄ፣ ባትገልብጪው ይሻልሻል» አሉ። «ቆቤን እኔው አወልቃለሁ።»

ጉባኤው አጉረመረመ። ማመን ማለት ይኸው አይደል?

«አሁን ጨነቃቸው» አለች አጣቢዋ በሆዷ። አንገትጌውን ገልብጣ ሁሉም እንዲያየው ወደ መስኮቱ አዞረችው።

ክሩ ቀይ ነበር።